ኬሞ የምትወስድ ሰው ላለችበት ቤት የገዛሁት ቴርሞሜትር

እህቴ ለጡት ካንሰር ኬሞ እየወሰደች ነው። ሐኪሟ ገና ሲጀመር "ቤታችሁ ቴርሞሜትር ይኑር" ብለውን ነበር። ፋርማሲ ሄጄ አፍ ወይም ብብት ውስጥ የሚገባውን፣ ጫፉ የሚተጣጠፍ ዲጂታል ገዛሁ። አሁን ከቤታችን ዕቃ ሁሉ እሱን ነው የምሳሳለት።

ኬሞ ካንሰሩን ሲመታ በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎችንም ያሳንሳል። ብዙውን ጊዜ በጣም የሚወርዱት መድኃኒቱ በተሰጠ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ነው። መግል የሚሠራው ደግሞ በዋናነት ከእነዚሁ ሴሎች ነው። እነሱ ሲያንሱ የተመረዘ ቁስል መግል ላይዝ፣ የሳንባ ምችም አክታ ላያመጣ ይችላል። ምልክት ሆኖ የሚመጣው ትኩሳት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለእኛ የተነገረን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል እንድንሄድ ነው። እስኪነጋ አይጠበቅም።

እጅ ይህን አይለይም። አንድ ምሽት እናታችን ግንባሯን ዳብሳ "ደህና ናት" አለች። ቴርሞሜትሩ ግን 38.4 አለ። እማዬ ወዲያው ነጠላዋን አነሳች። ሆስፒታል ደሟ ሲታይ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ከ500 በታች ወርደው ነበር። አንቲባዮቲክ በደም ሥሯ ጀመሩላት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች።

ወደ ዕቃው ልመለስ። አፍ ውስጥ ሲለካ ጥሩ ነው፤ ግን ትኩስ ቡና ወይም ሻይ ከጠጣች ግማሽ ሰዓት ያህል እንጠብቃለን። በብብት ከሆነ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ክንዷን ገጥማ መያዝ አለባት። በፊንጢጣ መለካት ለእንደዚህ ዓይነት ታካሚ ክልክል ነው፤ የሚፈጠር ጭረት ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። ሳይለኩ ፓራሲታሞል መስጠትም አይገባም፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል።

በኮቪድ ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረውን ዓይነትም ሞክረናል። ፈጣን ነው። ግን ከፀሐይ ሲገባና በላብ ጊዜ ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ ለእሷ አላመንኩትም።

የገዛሁት ጉድለት አለው። ስክሪኑ መብራት የለውም። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ ነው የምናነበው። መጀመሪያ ሲከፈት በፋራናይት ስለነበር 98 የሚል ቁጥር ሲመጣ ቤቱ ተረበሸ። ማብሪያውን ተጭነው ሲያቆዩት ወደ ሴልሺየስ ይዞራል። መመሪያው ግን በአማርኛ የለም፤ የፋርማሲው ልጅ ነው ያሳየኝ።

የምትገዙ ካላችሁ እዚያው ፋርማሲ አስከፍቱና አስሞክሩ። ባትሪው ትንሽ ክብ ናት፤ ሱቅ አላገኘኋትም፣ ሰዓት ጠጋኝ ጋ አለች። ሁለት ገዝታችሁ አስቀምጡ።