ከሰል ወይስ ቡታጋዝ? የጋዝ ጠቋሚ ከመግዛታችሁ በፊት

"ጋዝ ጠቋሚ" ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ። ልዩነቱ ውስጡ ያለው ሴንሰር ነው። ለቤት በብዛት የሚሸጡት ሁለት ናቸው፦ ቲን ኦክሳይድ እና ኤሌክትሮኬሚካል።

ቲን ኦክሳይዱ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ጃፓናዊው ናኦዮሺ ታጉቺ እ.ኤ.አ. በ1962 ፓተንት ካስገባበት ጊዜ ጀምሮ አለ። በጋለው ኦክሳይድ ላይ የአየሩ ኦክስጅን ይለጠፍና ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል፣ ኤሌክትሪክ እንደልቡ አያልፍም። ቡታጋዝ ሲመጣ ከዚያ ኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፣ ኤሌክትሮኑ ይመለሳል፣ መንገዱ ይከፈታል። የኦክሳይዱ ቅንጣቶች ወደ 6 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ሲያንሱ ደግሞ ንቃቱ በጣም ይጨምራል፤ ስለዚህ "ናኖ" የምትለዋ ቃል ሁልጊዜ ማሻሻጫ ብቻ አይደለችም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ጋዝ ለይቶ አያውቅም። የአልኮል ትነትም ያስጮኸዋል፣ የአየሩ እርጥበትም ያዛባዋል። ደግሞ ኦክሳይዱን የሚያግለው ማሞቂያ ያለማቋረጥ ስለሚሠራ በተራ ባትሪ ብዙ አይቆይም፣ ሶኬት ይፈልጋል። እና እኛ ከሰል ቤት የምናስገባው መቼ ነው? መብራት ሲጠፋ! ያኔ ጠቋሚውም አብሮ ይጠፋል።

ኤሌክትሮኬሚካሉ ዋጋው ይወደዳል። ግን ከከሰል የሚወጣውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ በደንብ ይለያል (ሃይድሮጅን ሊያሳስተው ይችላል፣ ቤት ውስጥ ግን ብዙም አያሳስብም)፣ በባትሪም ዓመታት ይሠራል። ቡታጋዝ ግን አይሸትተውም፤ ሲሊንደሩ ቢያፈስ ዝም ይላል።

ስለዚህ ከሰል የምታነዱ ከሆነ ያለ ምንም ማመንታት ኤሌክትሮኬሚካል ግዙ፤ ከሰሉን ደግሞ ጠቋሚ አለ ብላችሁ በዝግ ቤት እንዳታነዱ። ማሸጊያው ላይ ኢኤን 50291 (EN 50291) ወይም ዩኤል 2034 (UL 2034) የሚል የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መስፈርት ፈልጉ፤ በሁለተኛው መስፈርት 400 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 400ው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን) ላይ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ መጮኽ አለበት። ለሲሊንደር ከሆነ ቲን ኦክሳይዱ ይበቃል፣ ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ከወለሉ አጠገብ ስቀሉት።

አርዱይኖ (ትንሿን የኤሌክትሮኒክስ መማሪያ ሰሌዳ) ለምትነካኩ፦ ኤምኪው-7 የሚባለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ቲን ኦክሳይድ ሴንሰር ለመማሪያ አሪፍ ነው። ማሞቂያው ግን 60 ሰከንድ 5 ቮልት፣ ከዚያ 90 ሰከንድ 1.4 ቮልት እየተቀያየረ ካላገኘ ንባቡን አትመኑት፤ ብዙ ሰው 5 ቮልት ላይ ሰክቶ ይረሳዋል። የልጆቻችሁን መኝታ ቤት በሱ አትጠብቁ።

ኤሌክትሮኬሚካሉን ስትገዙ ጀርባውን ገልብጣችሁ ቀኑን እዩ። እንደ ሞዴሉ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው ዕድሜው፣ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ዕቃ በሙሉ ዋጋ እንዳይሸጡላችሁ።