አሻ 305፣ 308፣ 311 ወይስ 501? ስማርት ያልሆነ ታች ስልክ ለሚገዙ

የኖኪያ አሻ ታች ስልኮች መልካቸው ስማርት ስልክ ይመስላል፤ ሥራቸው ግን የቁልፍ ስልክ ነው፦ መደወል፣ መልእክት፣ ሬዲዮ፣ ዘፈን፣ በኮከብና በመሰላል የሚከፈቱ አገልግሎቶች። ስለዚህ ስልኩ የሚፈለገው ውጭ አገር ካሉ ልጆች ጋር በዋትስአፕ ለመገናኘት ከሆነ አራቱም አይሆኑም። ዋትስአፕ እንደነዚህ ያሉትን የኖኪያ ስልኮች የተወው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው። የቴሌብር መተግበሪያም አይጫንባቸውም፤ *127# ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የድሮው ብሮውዘር የዛሬዎቹን ድረ ገጾች የደህንነት አሠራር ስለማያውቅ ብዙዎቹን አይከፍትም። ለኢንተርኔት ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ።

ምርጫውን የሚወስነው ስክሪኑ ነው።

305 የሚሠራው በግፊት ነው። ከላይ ያለው ፕላስቲክ ተጭኖ ከሥሩ ካለው ንብርብር ጋር ሲገናኝ የተነካውን ቦታ ያውቃል። በጥፍርም፣ በእስክሪብቶ ክዳንም፣ በጓንትም ይታዘዛል። ቆዳው የደደረ የሠራተኛ ጣትም አያስቸግረውም። ጉዳቱ ግን ቀለል ያለ ንክኪ አይሰማውም። ስሞችን ወደ ታች ስትጎትቱ ግፊቱ መሃል ላይ ከላላ፣ መጎተቱን እንደ መንካት ቆጥሮ ያላሰባችሁት ሰው ጋ ይደውላል። ሲያረጅ ደግሞ 5ን ነክታችሁ 8 ይጽፋል። ለጥሪ ቢሆን አጥፍቶ መጻፍ ይቻላል፤ በቴሌብር ብር ስትልኩ ግን የተቀባዩ ቁጥር ወይም የገንዘቡ መጠን ላይ አንድ አሃዝ መሳት ትልቅ ጣጣ ነው። የ305 ዋጋ ሲረክስ የሚያጓጓችሁ ከሆነ ይህን አስቡ።

308፣ 311 እና 501 ደግሞ ባዶ ጣት ብቻ ነው የሚሰማቸው። ነካ ማድረግ ይበቃል፤ ጥፍርና እስክሪብቶ አይሠሩም፣ እርጥብ እጅ ያደናግራቸዋል። ከወደቁ ይሰነጠቃሉ። እንዲያም ሆኖ ለዕለት ተዕለት ሥራ ከ305 በብዙ ይሻላሉ።

ሁለት ሲም ለሚፈልግ፣ አንዱን የኢትዮ ቴሌኮም ሌላውን የሳፋሪኮም ለሚያደርግ፣ ከአራቱ ምርጫችን 308 ነው። 305ም ሁለት ሲም ይይዛል፤ በሁለቱም ሁለተኛው ሲም በጎን ስለሚገባ ስልኩን ሳያጠፉ ይቀየራል። 311 የሚይዘው አንድ ሲም ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከአራቱ ሦስተኛ ትውልድ ኔትወርክ የሚይዘው እሱ ብቻ ነው፣ ዋይፋይም አለው፣ ፍጥነቱም ይበልጣል። የመንደራችሁ ሁለተኛ ትውልድ ኔትወርክ ደካማ ከሆነ 311ን ውሰዱ። 501 በአንድና በሁለት ሲም ተሠርቷል፤ ስለዚህ ክዳኑን ከፍታችሁ ቁጠሩ። የሚወስደው መካከለኛውን ማይክሮ ሲም ነው፤ ትንሹን ናኖ ሲም በአዳፕተር ስታስገቡ የአዳፕተሩ ጠርዝ በሲም ማስገቢያው ውስጥ ያሉትን የብረት ጥርሶች ይዞ እንዳያጣምም ቀስ በሉ።

ባትሪያቸው ግን አንድ ዓይነት ነው፦ ቢኤል-4ዩ። በ501 ላይ 1200 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ በሌሎቹ 1110 ተብሎ ተጽፎበታል። በእጅ የሚወጣ ስለሆነ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ያረጀውን ባትሪ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አሽከርክሩት፤ እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧል፣ አትጠቀሙበት። በቻርጀር በኩል 501 ብልጫ አለው፤ ቤት ውስጥ ባለው በማንኛውም ማይክሮ ዩኤስቢ ይሞላል። 305 እና 308 ቀጭኗን የኖኪያ ፒን ይፈልጋሉ፤ ቻርጀሩ ከስልኩ ጋር ካልተሸጠ ዋጋውን አስቀንሱ።

አንድ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነገር አለ፦ አራቱም የካሜራ ፍላሽ የላቸውም፤ ስለዚህ እንደ ኖኪያ 105 ያለ የእጅ ባትሪ መብራት አይኖራችሁም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ዓይኑ ለደከመ ሽማግሌ ወይም አሮጊትም ታች ስልክ አይመከርም፤ በቁልፍ ስልክ 5 ላይ ያለችውን እብጠት ዳስሰው ሳያዩ ይደውላሉ፣ ለስላሳ ስክሪን ላይ ግን የሚዳሰስ ነገር የለም።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ደውሉ፣ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ *804# ብላችሁ ሂሳብ ጠይቁ። በጥሪው መሃል የቁጥር ሰሌዳውን ክፈቱ፤ «1ን ይጫኑ» የሚል አገልግሎት ላይ ስትደውሉ ያስፈልጋችኋል። ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች፣ ኮከቡንና መሰላሉን አንድ በአንድ ንኩ፤ የስክሪኑን አራት ማዕዘኖችም አትርሱ፣ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ጠርዙ ነው። *#06# ስትሉ የሚወጣው የስልኩ መለያ ቁጥር (IMEI) ከባትሪው ሥር ካለው ወረቀት ጋር ካልገጠመ ተዉት።

ከሌላ ስልክ የአማርኛ መልእክት ላኩበት። በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ከመጣ ስልኩ የግዕዝ ፊደል የለውም፣ ዘመድ በአማርኛ የሚጽፍላችሁን አታነቡም። የሚያነብ ቢሆንም አንድ የአማርኛ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፣ በላቲን ፊደል 160፤ ረዘም ካለ እንደ ሁለት ወይም ሦስት መልእክት ይቆጠራል።

በመጨረሻ የሻጩን ስሞችና መልእክቶች ለማጥፋት የፋብሪካ ቅንብሩን መልሱ። የደህንነት ኮድ ይጠይቃል፤ ካልተቀየረ 12345 ነው። ይህ ካልሠራና ሻጩም ኮዱን ካላወቀው፣ ኋላ ስልኩ ቢቆለፍ የምትከፍቱበት አይኖራችሁምና ሌላ ፈልጉ።