ክለብ በመንግሥት በጀት ይሻላል ወይስ በደጋፊ አባልነት?

የእኛ ድሬዳዋ ከተማ እግር ኳስ ክለብ በከተማው አስተዳደር በጀት ነው የሚኖረው። ደሞዝ ከፋይ መኖሩ ጥሩ ነው። ግን በጀት ሲዘገይ ተጫዋች ቢለቅ ከሃዲ ልትለው አትችልም፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ ልጆች አሉት፣ ጉልበቱም የሚያገለግለው ለጥቂት ዓመት ነው። ፋብሪካ ላይ መንጠልጠልንም አይተናል፤ የጥጥ ፋብሪካችን ቡድን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር፣ ዛሬ ወሬው ብቻ ቀረ።

ጀርመን ውስጥ፣ ከጥቂት ክለቦች በቀር፣ በ50+1 ደንብ አብላጫው ድምፅ የአባላት ነው። ባለሀብት ብር ቢያፈስም ክለቡን አይጠቀልልም። እርግጥ አባልነት ተጫዋች አያስርም፤ ባርሴሎና የአባላቱ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2021 ሜሲን ማቆየት አልቻለም።

እኔ ግን ለአባልነቱ ነኝ። ከቀፊራ እስከ ሳቢያን ያለው ደጋፊ በየወሩ እያዋጣ ድምፅ ይኑረው፣ አመራሩም ሂሳቡን ለእኛ ያቅርብ። አስተዳደሩ ስታዲየሙን ይያዝልን፣ ይበቃል።