ኖርድሽላይፈን በግራን ቱሪስሞ 7 መልመድ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ግራን ቱሪስሞ 7 በሚባለው የመኪና ውድድር የቪዲዮ ጌም ውስጥ ካሉት መንገዶች ሁሉ ብዙ ሰዓት የሚበላውም፣ የበላውን ሰዓት የሚክሰውም ኖርድሽላይፈ ነው። በጀርመን የአይፈል ተራራማ ጫካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ፣ 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ከ70 በላይ መታጠፊያ ያለው መንገድ ነው። ከታችኛው ቦታ እስከ ላይኛው የ300 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል። አጭር መንገድ ላይ አንድ መታጠፊያ ብታበላሹ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተመልሳችሁ ታርሙታላችሁ። እዚህ ግን በአነስተኛ መኪና አንድ ዙር ከስምንት ደቂቃ በላይ ስለሚፈጅ፣ እዚያው ቦታ እስክትደርሱ እጃችሁ ስህተቱን ረስቶታል። ዙር በመደጋገም ብቻ የማይለመደው ለዚህ ነው።

ጌሙ ለዚህ ያዘጋጀው ሰርኪት ኤክስፒሪየንስ የሚባለው ክፍል በጣም ጥሩ ነው። መንገዱን ቆራርጦ ያስነዳል፣ በመጨረሻ ሙሉውን ዙር ይጠይቃል፣ እንደ ሰዓቱ ነሐስ፣ ብር ወይም ወርቅ ይሰጣል። ስትሳሳቱ ከዚያው ቁራጭ መነሻ ወዲያው ትጀምራላችሁ። አንድ ጉድለት ግን አለው። ቁራጩ የሚያልቀው መስመሩ ላይ ስለሆነ፣ መኪናውን ለቀጣዩ መታጠፊያ በማይመች ቦታ አውጥታችሁም ወርቅ ታገኛላችሁ። በሙሉ ዙር ያ ልማድ ይጎዳል። ብር ካገኛችሁ በኋላ ወርቁን ትታችሁ፣ ቁራጮቹ የሚገናኙበትን ቦታ በታይም ትራያል (ብቻችሁን ከሰዓት ጋር በምትነዱበት ክፍል) ብትለማመዱ ይሻላል።

መንገዱ ላይ የሚሳለውን የመንጃ መስመር ከመጀመሪያው ቀን አጥፉት። ዓይንን ከኮፈኑ ፊት ያስቀረዋል፤ ኖርድሽላይፈ ደግሞ ከጉብታ ጀርባ ያለውን በቃል መያዝ የሚጠይቅ መንገድ ነው። ፍሬን የሚያዝበትን ቦታ የሚያሳየው ምልክት ግን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቆይ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እንዳለ ይተው፣ የጎማ መሽከርከር መቆጣጠሪያው 1 ላይ ይሁን። መኪናው ማዝዳ ሮድስተር ወይም ቶዮታ 86፣ ጎማው በጌሙ ስፖርትስ ሀርድ የሚባለው ዓይነት ቢሆን በቂ ነው። ጉልበተኛ መኪና ስህተትን በቀጥታው መንገድ ፍጥነት ይሸፍናል፤ ደካማው ግን ያጋልጣል።

ፉክስሮረ በሚባለው የመንገዱ ቁልቁለት ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው በአንድ ምክንያት ነው። ቁልቁለቱን ነዳጅ ሳይለቁ ይወርዱታል። ከታች መኪናው መሬት ላይ ይጫንና ጎማው በደንብ ይይዛል። ወዲያው ዳገቱ ሲጀምርና መንገዱ ሲጎብጥ ያ ጭነት ይጠፋል፤ ፍሬን የሚያዘውም እዚያው ነው። ቀጥሎ ያለውን የአዴናወር ፎርስትን መታጠፊያ ካዩ በኋላ ፍሬን መያዝ አይቻልም፣ ሲታይ አልፏል። ምልክቱ ሰውነት የሚያውቀው ነው፦ መኪናው ከጭነቱ እንደወጣና መሪው እንደቀና ፍሬኑን ያዙ፣ ጉብታው ላይ ሳትደርሱ ማላላት ጀምሩ።

ቤርግቬርክ ከውጭ ሲያዩት ተራ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኩርባ ነው። የፎርሙላ 1 ተወዳዳሪው ኒኪ ላውዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ተጋጭቶ የተቃጠለው ወደዚሁ ኩርባ ሲቃረብ ነው። በጌሙ ከሁሉም በላይ ሰዓት የሚወሰነው እዚህ ይመስለኛል፤ ከኋላው የኬሰልሼን ረጅም ዳገት ስላለ፣ ሲወጡ የጎደለው ፍጥነት እስከ ላይ ድረስ ይጎድላል። ዘግይቶ መታጠፍ፣ ነዳጅ ቀድሞ መስጠት።

ካሩሰል ወደ ግራ የሚዞር፣ ውስጡ በኮንክሪት የተነጠፈ ጎድጓዳ ነው። ቀድማችሁ ከታጠፋችሁ መኪናው መሃል ላይ ወደ ውጭ ይወረወራል፤ ከዘገያችሁ ጠርዙን ስታችሁ ጠፍጣፋው አስፋልት ላይ ትቀራላችሁ። የግራው የፊት ጎማ ጠርዙን አልፎ ሲወድቅ በጆይስቲኩ ንዝረት ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ነዳጁ አንድ ዓይነት ይሁን፣ መሪውን አትነካኩት። ጋራዥ ውስጥ በጣም ዝቅ ያደረጋችሁት መኪና ሆዱ ኮንክሪቱን እየመታ ስለሚነጥር ከፍ አድርጉት። ፕፍላንትስጋርተን ላይም መኪናው ከመሬት ስለሚነሳ ይኸው ነው፤ ከመዝለሉ በፊት ፍሬኑ ተለቆ መሪው ቀጥ ማለት አለበት።

በጆይስቲክ ፈንታ ለጌም ስለሚገዛው መሪ ብዙ ይጠየቃል። መሪው ፍሉግፕላትስ በሚባለው ጉብታ ላይ የፊት ጎማ ሲቀልል ቶሎ ያሳውቃል፣ ግዴታ ግን አይደለም። የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ ኤቢኤስ ሲሠራ ፍሬን የሚያዝበትን ኤል 2 ቁልፍ ያንቀጠቅጠዋል፤ ከመንቀጥቀጡ ትንሽ በታች መያዝን መልመድ ጥሩ የፍሬን ትምህርት ነው።

ያልወደድኩት ሁለት ነገር አለ። ስህተትን ወደ ኋላ መልሶ መንዳት አይቻልም፤ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ የተበላሸ ዙር እንደተበላሸ ይቀራል። ሁለተኛው ኢንተርኔት ነው፦ አብዛኛው የጌሙ ክፍል ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። መስመር በሚቆራረጥበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት።