ነቅቶ መግባት ወይስ አስታውሶ መተኛት?

ሕልም እያዩ «ይሄ እኮ ሕልም ነው» ብሎ ማወቅ ይቻላል። እንቅልፍ ሲወስደን የሚሞከሩ ሁለት መንገዶች አሉ። ሁለቱም ማታ ገና ጋደም እንዳሉ ብዙም አይሠሩም። ለ5 ሰዓት ያህል ተኝቶ መንቃት፣ ከዚያ ተመልሶ መተኛት ይሻላል፤ ሕልም የሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ወደ ንጋት ሲጠጋ ይረዝማልና።

የመጀመሪያው አእምሮን ነቅቶ እያቆዩ ሰውነትን ማስተኛት ነው። «አንድ፣ ሕልም ላይ ነኝ፤ ሁለት፣ ሕልም ላይ ነኝ» እያሉ ይቆጥራሉ። ቆየት ብሎ በተጨፈነው ዓይን ፊት ቀለማት፣ የሰው ፊት፣ የተቆራረጠ ድምፅ ይመጣል። ማሳደድ የለም፤ ዝም ብሎ ማየት ነው። ከተሳካ ቀጥታ ሕልሙ ውስጥ ነዎት። ችግሩ፣ አንዳንዴ ሰውነት አልንቀሳቀስ ይላል፤ ደረትም የተጫኑት ይመስላል። ዱካክ የምንለው ይሄንኑ ነው። አይጎዳም፣ ግን ክው ያደርጋል።

ሁለተኛውን ያዳበረው አሜሪካዊው የሕልም ተመራማሪ ስቲቨን ላበርዥ ነው። አሁን ከነቁበት ሕልም አንድ እንግዳ ነገር ይመርጣሉ፤ በሞት የተለየ ዘመድ ስልክ ደወለ እንበል። ሕልሙን በሐሳብ ደግመው እያዩ፣ ልክ ስልኩ ሲጮህ «ይሄ ሕልም ነው» ሲሉ ራስዎን ያስባሉ። «ቀጥሎ ሕልም ሳይ፣ ሕልም መሆኑን አስታውሳለሁ» እያሉ እንቅልፍ ይወስድዎታል።

ለጀማሪ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ባይሳካ እንኳ ተኝተዋል፤ በመጀመሪያው ግን ሲቆጥሩ ሊነጋብዎት ይችላል። እንቅልፍ እምቢ የሚለው ሰው ሁለቱንም ቢተዋቸው ይሻለዋል።