ፊፋ 11 ፕላስ ኪድስ፦ የልጆች ማሟሟቂያ ሲገመገም

ጎበዝ የነበረ ታዳጊ ኳስ ሲያቆም «ሰነፈ» ማለት ይቀናናል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከሕመም ነው። ቁርጭምጭሚቱ ይዞርበታል፣ ሳይድን ይመለሳል፣ ደግሞ ይጎዳል፤ እስኪያገግም ቦታውን ሌላ ይይዝበታል። ፊፋ 11 ፕላስ ኪድስ ይህን ጉዳት ለመቀነስ ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ማሟሟቂያ ነው። ክፍያ የለውም፤ ሜዳና ኳስ ካለ ይበቃል።

ያሉት መልመጃዎች 7 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 5 ደረጃ አላቸው። ሦስቱ በአንድ እግር መቆምና መዝለል ላይ ያተኩራሉ። ፑሽ አፕን ጨምሮ ሌሎቹ የሰውነትን ጥንካሬ ይገነባሉ። ሰባተኛው አወዳደቅ ነው፤ ከሁሉም የምናደንቀውም እሱን ነው። ልጅ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬት ይደገፋል፣ አንጓው ወይም ክንዱ የሚሰበረውም በዚያው ነው። መልመጃው በትከሻ ተንከባሎ መነሣትን ያስተምራል። በአዋቂዎች ማሟሟቂያ ይህ ብዙም አይታሰብም።

ሁሉም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። በሳምንት 2 ጊዜ ካልተሠራ ጥቅሙ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በአራት የአውሮፓ አገሮች የተካሄደ ጥናት ፕሮግራሙን የሠሩ ቡድኖች ጉዳት በ48 በመቶ ቀንሶ እንደነበር አሳይቷል። ለነፃ ነገር ይህ ትልቅ ውጤት ነው።

የሚበላሸው አሠራሩ ላይ ነው። አሰልጣኙ ልጆቹን አሰልፎ መረብ ለመትከል ከሄደ ማሟሟቂያው ዝላይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከዝላይ ሲያርፉ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ ዳሌ፣ ጉልበትና የእግር ጣት በአንድ መስመር እንዲሆኑ፣ ጉልበት ታጥፎ ኮቴ ሳይሰማ እንዲያርፉ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ሳይስተካከል ወደሚቀጥለው ደረጃ ማሳለፍ ስሕተቱን ማጠንከር ነው። ሌላው ችግር መሰልቸት ነው፤ ወር ሙሉ አንደኛው ደረጃ ላይ የቆመ ቡድን ይሰለቻል።

ፕሮግራሙ የማይደርስባቸው ነገሮችም አሉ። በፍጥነት በሚያድጉበት ጊዜ የሚመጣው የተረከዝና ከጉልበት በታች ያለው ሕመም የሚብሰው በጫና ነው፤ ልጁ በአንድ ሳምንት ለትምህርት ቤትም ለክለብም ከተሰለፈ ማሟሟቂያ አያድነውም። በየ3 ወሩ ቁመቱን ለክቶ፣ ድንገት ከረዘመ ዝላይና ጨዋታ መቀነስ ይሻላል። እያነከሰ «ቻለው» የሚባል ልጅ ኳስን መጥላት ቢጀምር አይፈረድበትም።

በዓመቱ መጨረሻ የተወለደና ዘግይቶ የሚያድግ ልጅም አለ። አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ በቀረው ከሚበልጡት ጋር ተሰልፎ በጉልበት ይበለጣል፤ ከዚያ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይረሳል። የኳስ ችሎታው ግን አልጎደለም። የእሱ መፍትሔ የመጫወቻ ደቂቃ ነው፤ ይህን የሚሰጠው አሰልጣኙ ብቻ ነው።

በእነዚህ ገደቦችም ቢሆን ማንኛውም የታዳጊ ቡድን በሜዳ ዙሪያ ከመሮጥ ይልቅ ይህን ቢይዝ እንመክራለን። ልጆቹ 14 ዓመት ሲሞላቸው 15 መልመጃዎች ወዳሉት ዋናው 11 ፕላስ ይሸጋገራሉ።