ቤታችንን ላተረፉልን ጠበቃ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም፣ ሜሪላንድና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖቼ። የእዳ ነገር በእኛ ዘንድ ይደበቃል። እኔ ግን እኚህን ሴት ሳላመሰግን መቅረት ከበደኝ።

ባለቤቴ ታሞ ከሥራ ሲቀር ሞርጌጁ ተወዘፈ፣ የክሬዲት ካርዱም እዳ ተቆለለ። የሰማ ሁሉ «ቻፕተር ሰቨን ፋይል አድርጉና ተገላገሉ» ይለን ጀመር፤ እዳ መክፈል ያቃተው ሰው በፍርድ ቤት እዳውን የሚያሰርዝበት የባንክራፕሲ (የኪሳራ) ዓይነት ማለት ነው። እውነት ነው፣ ሰቨን ቶሎ ያልቃል። ገቢያችሁ ከፈቀደላችሁ ብዙ ጊዜ በ4 ወር ገደማ የካርድና የሕክምና እዳ ይሰረዛል። ጠበቃችን ግን ፎርም ከማውጣታቸው በፊት «ቤቱን ትፈልጉታላችሁ? ኮሳይን ያደረገላችሁ ሰውስ አለ?» አሉን።

ቤቱን እንፈልገዋለን። ለአንዱ ብድር የፈረመልን ደግሞ ወንድሜ ነው። ሰቨን ፎርክሎዠሩን (ቤቱ ለእዳው መወሰዱን) ለጊዜው ቢያስቆምም ውዝፉን አያቃልልም፤ የእኛ እዳ ቢሰረዝ እንኳ አበዳሪው ወደ ወንድሜ ይዞራል። ሌላው የባንክራፕሲ ዓይነት፣ ቻፕተር ተርቲን፣ ግን ውዝፉን ከ3 እስከ 5 ዓመት ከፋፍሎ ያስከፍላል። ብድሩ በእቅዱ እየተከፈለ እስካለ ድረስም ወንድሜን አይነኩትም። ስለዚህ ተርቲን ገባን።

ከሁሉ የገረመኝ «እቁብ አላችሁ?» ማለታቸው ነው። ሌላ ጠበቃ ይህን ከየት ያመጣዋል! እጣ ካልወጣልሽ ያስገባሽው እንደ ንብረት፣ ከወጣልሽ ደግሞ ቀሪው እንደ እዳ ይጻፋል አሉኝ። የአክስቴን ብድር አስቀድሜ ልክፈል ስላቸውም ከለከሉኝ። ፋይል ከመደረጉ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለቅርብ ዘመድ የተከፈለ ብድር ካለ፣ ትረስቲው (የባንክራፕሲውን ጉዳይ የሚያስተዳድረው ባለአደራ) ከዘመድየው ሊያስመልሰው ይችላል። ወይ ጉድ! እትዬ የፍርድ ቤት ደብዳቤ ሲደርሳቸው ታየኝ።

ተርቲን ቀላል ነው አልላችሁም። በየወሩ ለትረስቲው ይከፈላል፣ ያለ ፈቃድ አዲስ ብድር የለም፣ ወገብ ጠበቅ ነው። ቢሆንም አሥራታችንን ሳይቀር ባጀቱ ውስጥ አስገቡልን፤ ሕጉ ይፈቅዳል ለካ። ከትረስቲው ጋር በሚደረገው ስብሰባ ላይም አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ በነፃ እንደሚገኝ ነግረውን፣ ባለቤቴ በገዛ ቋንቋው መለሰ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ስትሄዱ የ6 ወር የደመወዝ ወረቀት፣ የመጨረሻውን ታክስና የመጣላችሁን ደብዳቤ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ፈርታችሁ ያልከፈታችሁትንም ጭምር፤ እሳቸው ይከፍቱታል።